ምዕራፍ ሰባት፦ «ገና» ስትጠብቅ

ጂዳ ስኖር አንዲት የወሎ ልጅ በኢሞ ዘፈን ላከችልኝ። ሌሊት ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ማዳሟም ልጆቹም ከተኙ በኋላ ዕቃ ቤት ገብታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ በስልኳ የቀዳችው ነው። ግጥሙም ዜማውም የራሷ። አዝማቹ አንዲት አጭር ሐረግ ላይ ይዞራል፦ «መመለሴ ገና ነው»።

ሰማሁትና ወዲያው መለስኩላት። «ልብ ይነካል፤ በርቺ እህቴ!» ሦስት ቀይ ልብም ጨመርኩበት።

እሷም በረታች። ከደሞዟ ቆጥባ አዲስ አበባ ላለ አቀናባሪ ከፈለች፤ ኪቦርድ ገባበት፣ ከበሮ ገባበት፣ ኅዳር ላይ ዩቲዩብ ላይ ተጫነ።

«ገና»ን ወረቀት ላይ ለማንበብ የሚቸገር የለም። ላልታ ከተነበበች ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቃ ከተነበበች የጌታ ልደት ናት፤ የቱ እንደሆነ ዙሪያዋ ያሉት ቃላት ይነግሩናል። ዘፈን ውስጥ ግን የሚያጠብቀውም የሚያላላውም ዜማው ነው። የልጅቱ ዜማ «ገና» ላይ ሲደርስ ይረግጣታል፤ ከበሮው ከገባ በኋላ ደግሞ ምቱ እዚያችው ላይ አረፈ። ገና እንደማትመለስ የዘፈነችው ልጅ ለገና እንደምትመለስ ሆና ተሰማች።

እናቷ ዘፈኑን የሰሙት በጎረቤት ልጅ ስልክ ነው። በአፏ ያልነገረችኝ ልታስደንቀኝ ፈልጋ ነው ብለው ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። ጠላ ጠመቁ። በግ ገዝተው አሰሩ። ልጅቱ ጉዱን ያወቀችው በዋዜማው፣ ታኅሣሥ 28፣ እናቷ ደውለው «አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ይገባል?» ሲሏት ነው።

እኔን የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ያን ሌሊት መጀመሪያ ስሰማው እኔም «ለገና ልትሄድ ነው እንዴ?» ብዬ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስለቀራት ውል ስትዘፍን ነገሩ ገባኝና በልቤ አርሜው አለፍኩ። ከሦስት ልቦችና ከ«በርቺ» ይልቅ ይጠቅማት የነበረው ያቺ የአንድ አፍታ መሳሳቴ ነበረች። እሷን ዋጥኳት።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያች አፍታ ነው። ያለ ኩባንያ፣ ያለ ሙዚቃ ቤት፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ ስልክ ዘፈን የሚሠራ ሰው «እስቲ ስማልኝ» ሲላችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ የደረስኩበት መልስ አጭር ነው፤ የሰማችሁትን ንገሩት። ፍርድ ሳይሆን ምስክርነት ስጡት። ማብራራቱ ግን ይረዝማል፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ለዚህ ሥራ የሚሆን ንጹሕ ቃል እንኳ የለም።

ቃሎቻችንን አንድ በአንድ አንሷቸው። «ሂስ» ብትሉት ከኋላው የደርግ ዘመን ስብሰባ ይመጣል፤ ሂስና ግለ ሂስ፣ ተነሥተህ ራስህን አጋልጥ። «ግምገማ» ብትሉት ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ዘመን ነው፤ ተገምግሞ ከወንበሩ የተነሣውን እናስታውሳለን። «ትችት» ከስድብ ጋር ተጎራብታ ስለኖረች ሰው ስሟን ሲሰማ ይኮሳተራል። የቀረችው «አስተያየት» ናት፤ እሷም በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ቁልፉ በጠፋ ሣጥን ምክንያት ዋጋዋ ረክሷል። ዘፋኙ «አስተያየትህን ስጠኝ» ሲል ከነዚህ ከአራቱ አንዱ ሊመጣበት እንደሆነ እየፈራ ነው። እኛም ያንን ፍርሃት አይተን «አሪፍ ነው» ብለን እንገላገላለን።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ሌሊቱን ሲቆጥር ያደረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ «ጎበዝ» ወይም «ሰነፍ» ብለው አይጨርሱም። ቤት ያልመታበትን ቦታ፣ ሰሙ ከወርቁ የተፋታበትን ቃል ያሳዩታል። ተማሪው ታርሞ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ቀን ሌላ ቅኔ ይዞ ይመጣል። አዝማሪ ቤት ደግሞ አስተያየቱ ራሱ ግጥም ነው፤ «ተቀበል!» ይባላል፣ አድማጩ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያንጎራጉራል። አድማጭ ገብቶ የሚሠራበት ጨዋታ እንጂ ቆሞ የሚፈርድበት ችሎት አልነበረም።

ጂዳ እያለሁ ይህን ነገር ሳሰላስል የሚታወሰኝ ግን እዚያው አካባቢ የነበረ አንድ ገበያ ነው። ከጣኢፍ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዛሬው የመካ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ኡካዝ የሚባል ገበያ ነበር። ከእስልምና በፊት የዐረብ ነገዶች በዓመት አንድ ጊዜ እየተሰበሰቡ ቆዳና ተምር ይገበያዩበታል፤ ገጣሚዎችም ግጥማቸውን ይዘው ይመጣሉ። የጥንት ተራኪዎች እንደሚሉት አን-ናቢጋ ለሚባለው ታላቅ ገጣሚ ከቀይ ቆዳ የተሠራ ድንኳን ይተከልለት ነበር። እዚያ ተቀምጦ ይሰማል፣ ያመዛዝናል።

አንድ ጊዜ አል-አዕሻ ግጥሙን አሰማ፤ ሐሳን ኢብን ሣቢት አሰማ፤ ቀጥላም ስለ ሞተ ወንድሟ በምታለቅሰው ግጥሟ የምትታወቀው አል-ኸንሳእ አሰማች። አን-ናቢጋ እሷን አሞገሰ። ሐሳን ተቆጣ፤ ከአንተም ከእሷም እበልጣለሁ አለ። ያኔ የተሰጠው መልስ፣ አንዳንዶች የአን-ናቢጋ ነው ይላሉ፣ አንዳንዶች የአል-ኸንሳእ፣ እስከ ዛሬ በዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍሎች ይተነተናል። ሐሳን በአንድ ስንኙ የወገኖቹን የእንግዳ መቀበያ ገበታና ሰይፎቻቸውን አሞግሶ ነበር። መልሱ እንዲህ የሚል ነው፤ ገጣሚስ ገጣሚ ነህ፤ ነገር ግን ለገበታዎቹ የመረጥከው የብዙ ቁጥር ጥቂት መሆናቸውን የሚያሳይ ነው፤ በዐረብኛ የብዙ ብዙ የሚያሰኝ ሌላ ቃል ነበረልህ። በረፋድ ያብለጨልጫሉ አልክ፤ እንግዳ የሚበዛው በማታ ስለሆነ በማታ ብትል ይሻል ነበር። ሰይፎቻችን ደም ያንጠባጥባሉ አልክ፤ ያፈሳሉ ብትል ይበረታ ነበር። በወለድካቸው ኮራህ እንጂ በወለዱህ አልኮራህም።

ትርክቱ በትክክል እንዲህ ተፈጽሞ ይሆን አይሆን ለታሪክ ሊቃውንት እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ የተባለው ነገር ቅርጽ ነው። ጣቱን የሚያሳርፈው ቃል ላይ ነው፤ ከያንዳንዱ ቃል ጋር ምክንያት አለ፤ ሰውየውም ገጣሚነቱ አልተነካበትም። ደግሞ ሌላም አለው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሃያሲ ቁዳማ ኢብን ጃዕፈር ለሐሳን ጥብቅና ቆሞለታል፤ ሰይፍ ደም ያንጠባጥባል ማለት የዐረቦች የተለመደ አነጋገር ነው፣ ሐሳን አልተሳሳተም ብሏል። ከ300 ዓመት በኋላ ለመሟገት የቻለው መጀመሪያ የተሰጠው አስተያየት የሚጨበጥ ስለነበረ ነው። «አልጣመኝም» ብሎ ለተናገረ ሰው ማን መልስ ሊሰጥ ይችላል?

አሁን ወደ ዛሬው የስልክ ዘፈን እንመለስ። ብዙ ሰው «እኔ ሙዚቃ አላውቅም፣ ምን ልበል?» ይላል። ምንም ማወቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያላወቀ ሰው ምስክርነት ይነጥራል። አንድ የታክሲ ሹፌር የልጅቱን ሁለተኛ ዘፈን ሰምቶ «ዜማው ፈረንጅ ፈረንጅ አለኝ» አላት። አቀናባሪው ተቆጣ። በኋላ ሲፈተሽ ግን ሹፌሩ ልክ ነበር። ዘፈኑ አምባሰል ነው። አምባሰል ውስጥ ከመነሻዋ ድምፅ ቀጥላ ያለችው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የምትርቀው፤ ያ ጠባብ እርምጃ ነው አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኘው። አቀናባሪው የዘፋኟን ድምፅ በኦቶቲዩን ሲያስተካክል ሶፍትዌሩን የፈረንጁ ሜጀር ስኬል ላይ ትቶት ነበር። መሣሪያው ያቺን ግማሽ ድምፅ ስህተት መስላው ወደ ሙሉ ድምፅ እየጎተተ አቃናት። ሹፌሩ ቅኝት የሚባለውን ቃል ሳይጠራ የጠፋውን ነገር አመለከተ። የጂዳ ዑድ ተጫዋቾችም ይህ ሕመም አለባቸው፤ የዐረቦቹ ቅኝት፣ መቃም የሚሉት፣ ከግማሽ ድምፅ የሰፋች ከሙሉ ድምፅ የጠበበች እርምጃ ስላለው ሶፍትዌሩ ሲካህ የሚባለውን መቃም ሲያገኝ እንደዚሁ ያቃናዋል።

ስለዚህ የሥራ ክፍፍል አለ። አድማጩ የሚታየውን ሕመም ይናገራል፤ መድኃኒቱን የሚፈልገው ሠሪው ነው። አድማጩ «እዚህ ጋ ሰለቸኝ»፣ «እዚህ ጋ ቃሉ አልተሰማኝም»፣ «እዚህ ጋ ልቤ ቆመ» ይበል። «እዚህ ጋ» የምትለዋ ቃል ናት ዋናዋ። ደቂቃና ሰከንድ ጥቀሱ። «1 ደቂቃ ከ12 ላይ ስሟን የጠራሽበትን አልሰማሁም» ማለት «ሚክሲንጉ ይስተካከል» ከማለት በመቶ እጅ ይበልጣል። ሁለተኛውን የተቀበለ ሰው ምን እንደሚያስተካክል ሳያውቅ ሌሊቱን ሙሉ ቁልፍ ሲያዞር ያድራል።

ሙያው ያላችሁ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መሄድ ትችላላችሁ፤ ግን ዘፈኑ የተሠራበትን ክፍል ዐውቃችሁ። ጂዳ ውስጥ በነሐሴ ኤሲ አጥፍቶ መቅዳት አምስት ደቂቃ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ቀረጻው ላይ የኤሲ ሹክሹክታ አለ። ግድግዳው ሴራሚክ ነው፤ ድምፅ ይመልሳል። ልጅቱ ብርድ ልብስ የተከናነበችው እንዳትሰማ ነበር፤ ሳታስበው ግን አንድ ስቱዲዮ በውድ ዋጋ የሚሠራውን ሥራ ሠርታለች፤ ብርድ ልብሱ የክፍሉን ጉምጉምታ ዋጠላት። ይህን ስነግራት «ታዲያ ላብ በላብ የሆንኩት በከንቱ አይደለም» ብላ ሳቀች። እንዲህ ያለው ሙገሳ፣ የሠራው ነገር ለምን እንደሠራ የሚያስረዳ ሙገሳ፣ ከእርማት እኩል ያስተምራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሆን ብላ ታደርገዋለቻ።

የኤሌክትሪክ ነገር ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ስልኳ ቻርጀር ላይ ስለነበረ ዝቅ ያለ እምምታ ገብቶበታል። አዲስ አበባ ያለው አቀናባሪ እምምታውን ለማጥፋት 50 ኸርዝ ላይ ቆረጠ፤ አልጠፋም። ሳዑዲ ዐረቢያ ኤሌክትሪኳ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 50። ሁለቱም ወገን ሳያውቀው በሁለት አገር መብራት መካከል ወድቆ የነበረ ዘፈን ነው። «ስልክሽን ከቻርጀር ንቀይና ቅጂ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ትበቃ ነበር።

ሌሎቹን ቶሎ ልበላቸው። ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫም በስልክ ድምፅ ማጉያም ስሙት፤ ስልክ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም ስለማያወጣ፣ የተደከመበት ቤዝ አብዛኛው አድማጭ ዘንድ ጭራሽ አይደርስም። «አንሷል፣ ጩኸቱን ጨምርበት» የምትሉትም ተጠንቀቁ፤ ስፖቲፋይ ሁሉንም ዘፈን ወደ −14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ ነው) ስለሚያስጠጋው ተጨፍልቆ የጮኸው ዘፈን መልሶ ዝቅ ይላል፤ የቀረው መጨፍለቁ ብቻ ይሆናል። ችክችካ ላይ ከበሮው ደርቆ ከተሰማችሁ፣ ምናልባት ኮምፒውተሩ ምቶቹን እኩል በእኩል ደርድሯቸው ይሆናል፤ የሰው እጅ ግን ችክችካን እንደዚያ ለክቶ አይመታም። ትከሻችሁ ዝም ካለ ንገሩት፤ ለእስክስታ ትከሻም ምስክር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው አስተያየቱ ከዘፈኑ ወጥቶ ሰው ላይ ሲያርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 አሳየል በሚል የመድረክ ስም የምትታወቅ አንዲት ራፐር «ቢንት መካ»፣ የመካ ልጅ ማለት ነው፣ የሚል ሙዚቃ በዩቲዩብ ለቀቀች። የመካ ሴቶችን የሚያሞግስ ራፕ ነው። የመካ ክፍለ ሀገር አስተዳደር ሥራው የመካን ሕዝብ ባህልና ወግ የሚጻረር ነው ብሎ በሥራው ላይ የተሳተፉት እንዲያዙ ትእዛዝ መስጠቱን አስታወቀ፤ ቪዲዮውም ከዩቲዩብ ወረደ። ማኅበራዊ ሚዲያው ለሁለት ተከፈለ። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎች ያወሩት ስለ ቆዳዋ ቀለምና ስለ ዘር ሐረጓ ነበር፤ እንዲህ ያለች ልጅ የመካ ልጅ ልትባል አትችልም የሚል። ደጋፊዎቿ ደግሞ ትወክለናለች አሉ። እኔ ካነበብኩት ሁሉ ስለ ቢቱ፣ ስለ ቤት አመታቷ፣ ስለ ድምፅ አወጣጧ አንድ መስመር አላገኘሁም። ዘፈኑን የሰማው ያለ አይመስልም። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር፣ የሳዑዲ መንግሥት በባህል ሚኒስቴር ሥር የሙዚቃ ኮሚሽን እንዲቋቋም ወስኗል። አገሪቱ ሙዚቃን እየከፈተች ነበር፤ ማድመጥ ግን በአዋጅ አይመጣም።

ይህን የምጽፈው በሰው አገር ላይ ለመፍረድ አይደለም። የእኛን የዩቲዩብ አስተያየቶች ዝቅ እያደረጋችሁ ብታነቡ ከዘፈኑ በፊት የዘፋኙ ብሔር፣ ከዜማው በፊት የቀሚሷ ርዝመት ይቀድማል። ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ሲዘፍኑ ደግሞ «እዚያ የሄድሽው ልትሠሪ ነው ወይስ ልትዘፍኚ?» የሚል አይጠፋም።

«የሚያስለቅስህ ወዳጅህ ነው፣ የሚያስቅህ ጠላትህ» የሚለው ብሂልም ጎድቶናል ባይ ነኝ። እውነት አለበት፤ ግን ማስለቀስን በራሱ የወዳጅነት ማስረጃ ያደረጉት ሰዎች አጋጥመውኛል። ሰውን አስለቅሰው «እውነቱን ነው የነገርኩህ» ይላሉ። እውነቱ የት ቦታ ላይ እንደሆነ ስትጠይቋቸው ግን ሰከንዱን አያውቁትም።

ጊዜውንም ዕወቁ። ዘፈን ገና በጉሮሮና በስልክ ሳለ ስለ ግጥሙና ስለ ዜማው ይወራል። ተቀናብሮ ሲመጣ ስለ ከበሮውና ስለ ድምፅ ሚዛኑ። ወጥቶ ከተበተነ በኋላ የሚነገር እርማት ለሚቀጥለው ዘፈን ነው፤ ለወጣው «እንኳን ደስ አለሽ» በቂ ነው። ካልገባችሁ ጠይቁ፦ «ምን እንድሰማልሽ ትፈልጊያለሽ?» አንዳንዴ መልሱ «ምንም፤ ብቻዬን እንዳልሰማው ነው» ይሆናል። ያኔ ዝም ብሎ አብሮ መስማት ነው።

ድሮ ይህን ሥራ በግድም ቢሆን የሚሠራ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅርን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ ዓለማየሁ እሸቴን ሲያሳትም፣ ከዘፋኙና ከሕዝቡ መካከል የራሱን ገንዘብ ያስያዘ ጆሮ ነበረ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሙዚቃ ቤቶችም ካሴቱ እንዲሸጥ ሲሉ ያዳምጡ ነበር። ለገበያ ብለው ያበላሹት ብዙ ነው፤ ቢሆንም ሰምተው ነው ያበላሹት። ዛሬ መካከል ላይ ማንም የለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2008 አኮሌድ የሚባል የ4 ሴት ተማሪዎች የሮክ ባንድ ጂዳ ውስጥ ተቋቁሞ፣ በአደባባይ መጫወት ስለማይፈቀድላቸው «ፒኖኪዮ» የተባለ ዘፈናቸውን በኢንተርኔት ለቀው ነበር። ዘፈኑ በሰፊው ተሰማ። ከቤት ወደ ዓለም፣ በመካከል አንድ ክፍል የሚሞላ አድማጭ ሳይኖር። የዛሬው የስልክ ዘፋኝ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ያ የጠፋው ክፍል እኔና እናንተ ነን።

ከገናው በኋላ ልጅቱ ዘፈኑን እንደገና ልትቀዳ ስትነሣ እኔ ብልጥ ሆኜ «‹መመለሴ ሩቅ ነው› በዪው፣ ችግሩ ይፈታል» አልኳት። «ሩቅ መንገዱ ነው፤ ጊዜው አይደለም» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ የሰማሁትን ከመንገር አልፌ በስንኟ ውስጥ ገብቼ ነበር። ቃሏን ሳትነካ ሐረጉን ግማሽ ምት አስቀድማ ጀመረችው፤ «ገና» ከከበሮው ሥር ወጥታ ላላች። አንድ ሌሊት ነው የፈጀባት።

አሁን ሁለቱም ቅጂዎች ዩቲዩብ ላይ አሉ። የመጀመሪያውን እንድታወርደው ነግሬያት ነበር፤ እምቢ አለች። እናቷ የሚያዳምጡት እሱን ነው።